ደማቅ ረቂቅ ሥዕል ፊት ስትቆሙ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፣ ቤት የለበት፤ ቀለሙ ግን ገና ከበሩ ይጠራችኋል። አንዳንዱ ረቂቅ ሥዕል ይለዋል፣ አብዛኛው ሰው አብስትራክት። ኤግዚቢሽን አብረውኝ የሚሄዱ ወዳጆቼ ስለ እንዲህ ያለ ሥዕል የሚጠይቁኝ ነገር ስለሚመሳሰል እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምንድን ነው የተሣለው?

ብዙ ጊዜ፣ ከሸራው ውጭ ያለ ምንም ነገር አልተሣለም። የተሣለው ቀዩ ራሱ ነው። አጠገቡ ያለው ሰማያዊ ነው። ሁለቱ የተገናኙበት ጠርዝ ነው።

ጥያቄው ነውር የለውም፤ ሁላችንም የምንጀምረው በሱ ነው። የሚያሳዝነኝ መልስ ሲጠፋ ሰው ትከሻውን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው ማለፉ ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ቀለሞቹ እርስ በርሳቸው ምን እየተደራረጉ ነው? የትኛው ወደፊት ይገፋል? የትኛው ይሸሻል? ያቺ ትንሿ ቢጫ ባትኖር ያ ሁሉ ወይን ጠጅ ምን ይሆን ነበር? አውራ ጣታችሁን ከዓይናችሁ ፊት አድርጋችሁ ቢጫዋን ሸፍኗት። ሥዕሉ ሲሞት ወይም ሲረጋጋ ታያላችሁ። ሠዓሊው ለምን እዚያ እንዳኖራት ያኔ ይገባችኋል።

"እኔ ግን ወፍ ታየኝ" የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ይታየው። ወፏን ካየ በኋላ ግን ሌላውን እንዳያይ አትከልክለው እንጂ።

እሺ፣ ፊቱ ቆሜ ምን ላድርግ?

በአንድ ሥዕል ላሳያችሁ። አልማ ቶማስ የምትባል አሜሪካዊት በ1966 የሠራችው ነው፤ ርዕሱ "ትንሣኤ"። ሸራው በአራቱም ጎን 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መሀሉ ላይ ክብ አለ። ከክቡ ተነስቶ ቀለበት በቀለበት ላይ እየሰፋ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ቀለበት የየራሱ ቀለም አለው። ከላይ የታየ ሰፌድ በሉት።

መጀመሪያ ራቅ በሉ፣ አራት አምስት ሜትር ያህል። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ቀለበቶቹ ድፍን ናቸው። ዓይናችሁ መሀሉ ላይ ሲያርፍ ክቡ የሚሰፋ፣ የሚጠብ ይመስላል።

አሁን ጥበቃው እስካልተቆጣችሁ ድረስ ቅረቡ። ድፍን የመሰላችሁ ቀለበት ይበታተናል። አጫጭር የብሩሽ አሻራዎች ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ ጎን የተደረደሩ። አንዳቸውም ከሌላው ጋር እኩል አይደሉም፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን፣ አንዱ ዘመም ብሏል። በመካከላቸው ያልተቀባው ፈዛዛ ክፍተት ይታያል። እኔ ሥዕሉን ሕይወት የሰጠው ያ ክፍተት ነው እላለሁ። ክፍተቱን ሙሉበት፣ ቀለበቶቹን በማስመሪያና በኮምፓስ አስተካክሉት፣ የዒላማ ምልክት ይሆናል።

ከዚያ ወደ ጎን ዞር በሉና ብርሃኑ ሸራውን ገርፎ በሚያልፍበት አቅጣጫ እዩት። ይህን ለማንኛውም ሥዕል አድርጉት። የቀለሙ ውፍረት፣ ብሩሹ የጎተተው መስመር፣ ከሥር ተቀብቶ የተሸፈነ ሌላ ቀለም ብቅ ይላል። ቀይ ነው ያላችሁት ሜዳ ጠርዙ ላይ ከሥሩ ብርቱካናማ እንዳለው ታያላችሁ። ቀዩ ለምን እንደዚያ እንደሚሞቅ ሚስጥሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

በመጨረሻ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱና ሁለት ሦስት ደቂቃ ቁሙ። ብዙ አይደለም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከዚህ የበለጠ እንቆማለን። ትልልቅ ሸራዎች በሁለት በሦስት ቀለም ብቻ ይሞላ የነበረው ማርክ ሮትኮ ተመልካች እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ተጠግቶ እንዲያያቸው ይመክር እንደነበር ይነገራል። ያን ያህል ስትጠጉ ሸራው ከዓይናችሁ ዳርቻ ያልፋል። ያኔ ከቀለሙ ሌላ የምታዩት ነገር አይኖርም።

የሠዓሊውን ታሪክ ማወቅ አለብኝ?

ለማየት አያስፈልግም፤ ለመውደድ አንዳንዴ ያግዛል። የአልማ ቶማስን ልጥቀስ። በ1924 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍል የመጀመሪያዋ ተመራቂ ነበረች። ከዚያ 35 ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ጥበብ አስተማረች። በዚህ በቀለም ነጠብጣብ አሣሣል የታወቀችው ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። መነሻ የሆናት በሳሎኗ መስኮት የሚታየው ዛፍና በቅጠሎቹ መካከል የሚሾልከው ብርሃን ነበር። በ1972 ኒውዮርክ የሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ሥራዎቿን ለብቻ ሲያሳይ ዕድሜዋ 80 ነው፤ እዚያ ለብቻዋ ያሳየች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት እሷ ናት። "ትንሣኤ" ደግሞ በ2015 ዋይት ሐውስ ግድግዳ ላይ ወጣ።

ይህን ካወቅኩ በኋላ እነዚያን ዘመም ያሉ አሻራዎች የማያቸው በሌላ ዓይን ነው። በኋለኛው ዘመኗ እጇን የመገጣጠሚያ ሕመም ያሠቃያት ነበር። እንደዚያም ሆና የመረጠችው ደስታ የሚፈነጥቅ ቀለም ነው።

ለምንድን ነው አንዳንዱ ሥዕል ላይ ቀለሞቹ የሚንቀጠቀጡት?

ዓይናችሁ አልታመመም። ቀይና አረንጓዴ፣ ወይም ብርቱካናማና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲሆኑ ጠርዛቸው ላይ እንደዚያ ይታያል፤ በተለይ የሁለቱ ድምቀት እኩል ከሆነ። አእምሯችን ጠርዝ የሚለየው በአብዛኛው በብርሃንና በጥላ ልዩነት ነው። ቀለማቸው የተለያየ፣ ድምቀታቸው ግን አንድ የሆኑ ሁለት ነገሮች ሲቀርቡለት ድንበሩን የት እንደሚያሰምር ይቸገራል።

በስልካችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ሥዕሉን አንሱና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። የሚንቀጠቀጡት ሁለት ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ይህን ዘዴ የምወደው ሌላም ነገር ስለሚያሳይ ነው። ጎበዝ ሠዓሊ የሠራው ሥዕል ቀለሙን ብትነጥቁት እንኳ አቋሙ አይፈርስም። አንዳንዱ ግን ጭልም ያለ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ ጉልበቱ ሁሉ ለካ ከቀለም ጣሳው ነበር።

ጎረቤት ቀለም እንዴት እንደሚለውጥ ያስተማረን ደግሞ ሠዓሊ አልነበረም፣ ኬሚስት ነው። ሚሼል ሸቭረል ፓሪስ ውስጥ ጎብላን በሚባለው የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው የሚል ቅሬታ ይመጣበታል። ክሩን ይመረምራል፤ ክሩ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የጎረቤቱ ነበር። ጥቁሩ ሰማያዊና ወይን ጠጅ መሀል ሲሸመን ጥቁረቱ ይቀንሳል። በ1839 ይህንኑ በመጽሐፍ አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ ሠዓሊዎች እንደ ወንጌል አነበቡት።

ቤታችሁም ይሠራል። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ደማቅ ቀይ ጨርቅ ላይ፣ ሌላውን አረንጓዴ ላይ አስቀምጡ። ቀዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ቢጤ ይሆናል፣ አረንጓዴው ላይ ያለው ቀላ ይላል። አንድ ወረቀት ነው እኮ! ስለዚህ "ይህ ሠዓሊ ስንት ቀለም ተጠቀመ?" ብላችሁ ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ። ያያችሁት ስድስት ሊሆን ይችላል፤ የተቀባው ግን አራት።

"ይሄንማ ልጄም ይሥለዋል" ብል ተሳሳትኩ?

በግማሽ። በ2011 ቦስተን ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞከሩት። የታወቁ ሠዓሊዎችን ረቂቅ ሥዕሎች ከሕፃናት፣ ከዝንጀሮዎችና ከዝሆኖች ሥዕል ጋር ጥንድ ጥንድ አድርገው ለሰው አሳዩ። አንዳንዴም ሆን ብለው የሠዓሊውን ሥራ "የሕፃን ነው" ብለው ጻፉበት። ሰዎቹ እንደዚያም ሆኖ ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ የሠዓሊውን መረጡ። ሥዕል ያልተማሩትም ጭምር። ሁሌ ግን አልሆነላቸውም፣ የተሳሳቱበትም ብዙ ነው።

ሕፃን ልጅ ቀለም ስትሰጡት ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል። መጀመሪያ ግሩም ነው። ከዚያ ይቀጥላል። ቀዩን በአረንጓዴው፣ ቢጫውን በሰማያዊው ላይ እየደረበ ወረቀቱ ጭቃ እስኪመስል አያቆምም። ደማቅ ቀለም ላይ አስቸጋሪው ሥራ ማቆም ነው። ቀይ ከቀይ ጎን አድርጎ ሁለቱም ሳይበላሹ መተው ብዙ የተጣለ ሸራ ይጠይቃል።

ግማሹ ግን እውነት አላችሁ፤ ባዶ የሆነ አብስትራክት ሞልቷል። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የሚሰቀለውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ርጭት ታውቁታላችሁ። አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል። ያን ለማድነቅ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ይሄ የፈረንጅ ነገር አይደለም እንዴ?

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ይህን ተብሏል። በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ተማረ። በ60ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ሥራዎቹን ሲያሳይ "ኢትዮጵያዊነቱ የታል?" የሚል ወቀሳ ደረሰበት። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን አገኘ፤ ወቀሳው ግን አልበረደም። ገጣሚም ነበር። በ1981 በስደት፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ዐረፈ።

በ1963 የሠራው "ጎልጎታ" የሚባል ሥዕል አለ። ስቅለት ነው። ግን ስቅለቱን የሚነግራችሁ ቀዩ ነው። የለመድናቸው ወታደሮችና አልቃሾች ተሰልፈው አይታዩም። አባቱ ሲሥሉት የኖሩትን ታሪክ ነው ልጁ በሌላ መንገድ የሣለው። ይህን ሥዕል የፈረንጅ ነው ለማለት ምላሴ አይታዘዝልኝም።

የኛ ዓይን ለጠፍጣፋ ደማቅ ቀለም ባዳ ነው የሚባለውም አያሳምነኝም። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ዘመን ሥዕሎችን አስታውሱ። ከቅዱሱ ጀርባ ሰማይ የለም፣ ተራራ የለም። ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፤ በሰፋፊ መደብ ተከፋፍሎ ተቀብቷል፣ በቃ። ያ ረቂቅ ሥዕል ነው እያልኩ አይደለም፤ ቅዱሱ ማን እንደሆነ ፈረሱና ጦሩ ይናገራሉ። ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ንጹሕ ቀይ ከንጹሕ ቢጫ ጎን ሲጮኽ እያየን ነው ያደግነው። ፈረንጁ ያንን ለመልመድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጠበቅ ነበረበት።

ፊደል ያለበት ሥዕል አየሁ። ላነበው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ምን ልሁን?

የወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ሥራ ሳታዩ አትቀሩም። በ1950 አዲስ አበባ የተወለደ፣ አሜሪካ የሚኖር ሠዓሊ ነው። የግዕዝ ፊደልን ይለጥጠዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ይቆርጠዋል፣ አንዳንዴ "ሀ"ን ሰው የሚያክል አድርጎ በብርቱካናማ ሜዳ ላይ ያቆመዋል። እንዳታነቡት ነው የተሠራው።

እዚህ ላይ ፊደል የማያውቅ ሰው ይበልጠናል። እሱ የሚያየው ቅርጽ ነው፤ የኛ ዓይን ግን ሳናዝዘው ማንበብ ይጀምራል። "ለ... ሠ... ይሄ ምንድን ነው?" እያልን ቀለሙ ያመልጠናል። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ፎቶውን ገልብጣችሁ እዩት። ንባቡ ይቆማል። የ"ጠ" እግሮች ዓምድ፣ የ"ዐ" ሆድ ቀለበት ይሆናሉ። ከዚያ አቅንታችሁ ተመለሱ።

ወሰኔ የተማረው ከኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ከእስክንድር ቦጎሲያን ነው፤ ቦታው አልማ ቶማስ የተመረቀችበት ያው የዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ። እስክንድር እዚያ ከ70ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 አስተምሯል። ዋሽንግተን የምትኖሩ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህ ሁሉ ታሪክ ከሰፈራችሁ ሩቅ አይደለም።

ተገልብጦ ቢሰቀል ማን ያውቃል?

አንዳንዴ ማንም። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ፒየት ሞንድሪያን በቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ተለጣፊ ወረቀት የሠራው አንድ ሥራ ከ1945 ጀምሮ ተገልብጦ ሲታይ እንደኖረ የታወቀው በ2022 ነው። ጀርመን፣ ዱስልዶርፍ ያለው ሙዚየም ላቅናው ቢል ተለጣፊዎቹ እንዳይረግፉ ፈርቶ እንዳለ ተወው። የፈረንሳዊው ሠዓሊ የማቲስም አንድ ሥራ በ1961 ኒውዮርክ ለ47 ቀን ተገልብጦ ተሰቅሎ ነበር። ያወቀባቸው አንዲት ጎብኚ ናት።

ርዕሱን መጀመሪያ ላንብብ ወይስ በኋላ?

በኋላ። ርዕስ ካነበባችሁ ዓይናችሁ ያንን ፍለጋ ይሄዳል። "ርዕስ የለውም" የሚል ካያችሁ ደግሞ ሠዓሊው ሰነፈ አትበሉ፤ ብቻችሁን እንድታዩት ነው የተዋችሁ።

ካልወደድኩትስ?

አትውደዱት። ግን ምኑን እንዳልወደዳችሁት ለመናገር ሞክሩ። "ቀዩ አፈነኝ"፣ "ሁሉም ቀለም እኩል ስለሚጮኽ ማረፊያ አጣሁ" ማለት ከ"በጣም ያምራል" የበለጠ ማየት ነው። ሠዓሊው አጠገባችሁ ቆሞ ከሆነ እሱም ይሄኛውን ይመርጣል ብዬ እገምታለሁ።

በስልክ ያየሁትና በአካል ያየሁት ለምን ተለያየ?

ስክሪን ከጀርባው ብርሃን አለው፤ ሸራ ብርሃን የሚቀበለው ከፊት ነው። ካሜራውም ቀዩን እንደፈለገው ያጋንነዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መጠኑ ነው። ሁለት ሜትር ቀይና ጣት የሚያህል ቀይ አንድ ቀለም አይደሉም። በፎቶ ብቻ አይታችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።

ለቤቴ አንድ ልገዛ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ከሶፋው ጋር የሚሄድ ብላችሁ አትፈልጉ። ሶፋው ይቀየራል።

ስትሰቅሉት የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ገደማ ላይ ይሁን። ብዙ ቤት ኮርኒሱ ሥር ነው የሚሰቀለው፤ ሥዕል ግን ቆሞ በሚያይ ሰው ዓይን ልክ ነው ደስ የሚለው። አምፖሉ ነገር አለው፤ ቢጫ ብርሃን ሰማያዊውን ይገድለዋል። የኤልኢዲ አምፖል ካርቶን ላይ ሲአርአይ (CRI) የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ 90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀለሙን አያዛባም።

ቡና የሚፈላበት ጥግ አጠገብ አትስቀሉት። የእጣኑና የከሰሉ ጭስ ቀስ እያለ ደማቁን ቀለም ያጠለሸዋል። አቧራ ሲይዘው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፤ እርጥብ ጨርቅና የመስታወት ማጽጃ አይነካውም።

ዋናው ጠላት ግን ፀሐይ ነው። ሮትኮ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሠራቸው ትልልቅ ሸራዎች በ1964 ሰፋፊ መስኮት ባለው የመመገቢያ አዳራሽ ተሰቀሉ። የተጠቀመበት ቀይ ብርሃን የማይችል ዓይነት ነበር። በ1979 ሲወርዱ ወይን ጠጅ የነበረው ሰማያዊ ቢጤ ሆኗል። የሃርቫርድ ባለሙያዎች ላዩ ላይ እንደገና መቀባት አልፈለጉም። በ2014 መፍትሔ ያሉት ብርሃን ነው፤ የጎደለውን ቀለም በፕሮጀክተር እየለኩ ሸራው ላይ አበሩበት። ያን ዓይነት ፕሮጀክተር ሳሎናችን የለም፤ ስለዚህ ፀሐይ የማይገባበትን ግድግዳ ምረጡ። ስትገዙም ሠዓሊውን ምን ቀለም እንደተጠቀመ ጠይቁት። አይከፋውም፣ እንዲያውም ማውራት አያቆምም።

የት ሄጄ ልይ?

አዲስ አበባ ከሆናችሁ ስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። በ2008 የተከፈተ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ጀርመን የቆዩ ሥራዎቹ ተመልሰው የገቡት እዚያ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ዋሽንግተን ያላችሁ የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የእስክንድርና የወሰኔ ሥራዎች አሉት፣ የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ደግሞ የአልማ ቶማስ። ሁልጊዜ ሁሉም ግድግዳ ላይ አይወጣም። መግቢያው ግን ሁለቱም ጋ ነፃ ስለሆነ አንድ ሥዕል ብቻ አይታችሁ ብትወጡም አይቆጫችሁም።